የቀኝ እግሬና የዘሃራ ተራ

በዚያን ዕለት እንሰቱ ጓሮ ውስጥ የነበርነው አማቴ እማ ሩቂያ፣ የባለቤቴ እህት ፋጤ፣ ጎረቤታችን መሬማ፣ የመምህሩ ሚስት እትዬ አስካለ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ ሰሚራና እኔ ነን። ባለቤቴ ከድር ፈረሱን ከጋሪው ፈቶ አጥሩ ሥር ሣር ያበላው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ ሁለቱ በሕይወት የሉም፣ አንዷም ርቃ ሄዳለች። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን ሁሉም በየቦታቸው ተቀምጠው አያቸዋለሁ።

አረፋ ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል። ከጊምቢቹ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ያን ሰሞን ሴቶች ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው እየዞሩ እንሰት ይፍቃሉ። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አንድ ሳንቃ ግንድ ላይ ደገፍ ተደርጎ ይቆማል። ሴትዮዋ መሬት ላይ በተነጠፈ ቅጠል ትቀመጥና ከእንሰቱ የተገነጠለውን ልጣጭ ሳንቃው ላይ ታስተኛዋለች። ከዚያ ቀኝ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ የልጣጩን ጫፍ በተረከዟ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች፤ በሁለት እጇም በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቃለች። ለቆጮ የሚሆነው ይወርዳል፣ ቃጫው እጇ ላይ ይቀራል። ጠዋት የተሰቀለ እግር የሚወርደው ለምሳ ነው። እኛ ግን ይህን ከባድ ሥራ ብለን አናውቅም። ተቀምጠው የሚሠሩት፣ እየተሳሳቁ የሚውሉበት ሥራ ነው።

እትዬ አስካለ ከሰሜን ባሏን ተከትላ የመጣች ሴት ናት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንቃ ፊት ተቀምጣ እግሯን ሰቀለችና፣ «ወይኔ! እናቴ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ምን ትል ነበር?» አለች።

«ምን ትላለች!» አለች እማ ሩቂያ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ቆጮውን ትበላና ዝም ትላለች።»

ሁላችንም በሳቅ ወደቅን። እኔም እግሬ እንደተሰቀለ ከሆዴ ሳቅሁ። ያኔ ነው ቀኝ ብሽሽቴ ላይ አንድ ነገር ዱብ ያለኝ። እጄን በቀሚሴ ላይ ሰደድኩ። የርግብ እንቁላል የሚያህል ነገር ዳሰስኩ። ማንም አላየኝም። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቦታው የሚነገር ቦታ ስላልሆነ ለብዙ ቀን ደበቅኩት። ስተኛ ይገባል፣ ስቆም ይወጣል፣ ሳስል ያብጣል። በመጨረሻ ለእማ ሩቂያ ነገርኳት። «ንፍፊት ነው» አለችኝ። «እግርሽን እሾህ ወግቶሽ ይሆናል።» ውስጥ እግሬን አገላብጣ አየችና የተሰነጠቀ ተረከዜን በቅቤ አሸችው። ተረከዜ ዳነ፣ እብጠቱ ግን እዚያው ነበር።

ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ ሂጂና ታዪ አለችኝ። አንዱ ክሊኒክ ንፍፊት ነው ብሎ ሰባት ቀን መርፌ ወጋኝ። ሌላው ማህፀንሽ ነው አለኝ። በስተመጨረሻ ከድር በጋሪው መንገድ ዳር አድርሶኝ በመኪና ሆሳዕና ሄድን። እዚያ የነበሩት ሐኪም አንዴ አስለውኝ፣ አንዴ ዳስሰውኝ፣ «ቡአ ነው» አሉ።

«ዶክተር፣ ቡአ የወንድ አይደለም እንዴ?»

«የሰው ነው» አሉኝ እየሳቁ። የሆድ ግድግዳ በሳሳበት በኩል አንጀት ወደ ውጭ ሲገፋ ነው ብለው አስረዱኝ። ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፣ እዚሁ ተከፍቶ ይሰፋል። አዲስ አበባ ደግሞ በትናንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው የሚሠሩ እንዳሉ፣ ቁስሉ ቶሎ እንደሚድን፣ ዋጋው ግን እንደማይቀመስ ነርሷ ነገረችን።

ወደ ቤት ስንመለስ ከድር ጋሪው ላይ ሆኖ፣ «የሰሚራ እናት፣ ፈረሱን እሸጠዋለሁ» አለኝ።

«ጋሪውን ማን ይጎትታል?»

«እኔ።»

«አንተማ ሣር ብቻ አትበላም፣ አታዋጣም» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፈረሱ አልተሸጠም። ሆሳዕና ተከፍቼ ተሰፋሁ። ያቺን የጋሪ መንገድ ግን በኋላ አራት ዓመት ሙሉ በልቤ ተመላለስኩባት።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ነበር። ስወጣ ነርሷ፣ «ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሺ» አለችኝ። እኔ ፈሪ ነኝ። ሦስቴ ጠየቅኋት። ሕፃንስ? አታንሺ። ውሃስ? አታንሺ። ግማሽ እንስራስ? «እናት፣ ምንም!» አለችኝ። ስለ እንሰት ግን አልጠየቅኋትም፤ የሚጠየቅ አልመሰለኝም።

ቤት ገብቼ ትእዛዙን እንደ መሐላ ያዝኩት። ማንቆርቆሪያ እንኳ የምታነሳልኝ ሰሚራ ነበረች። እማ ሩቂያ በቡላና በቅቤ አተካና እየሠራች አጎረሰችኝ። ዛሬም አተካና ሲሸተኝ ያ አልጋዬ፣ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ፣ የእሷም ሻካራ እጅ ትዝ ይለኛል። ታምሜም ቢሆን ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ተራው የእኛ ጓሮ ሆነ። ሴቶቹ መጡ። ሳቃቸው እስከ አልጋዬ ይሰማኛል። ወጣሁና መሀላቸው ተቀመጥኩ። መሬማ፣ «አረፍ በይ እንጂ፣ ተሰፍተሽ የለም?» አለችኝ።

«ማንሳት ነው የተከለከልኩት» አልኳት። «ተቀምጬ ነው የምሠራው። ምን አነሳሁ?»

ማንም አልተቃወመኝም። ነገሩ ትክክል መስሎን ነበር። ቀኝ እግሬን ሰቀልኩ። እስከ ምሳ ፋቅኩ። አንዲት ጀሪካን እንኳ ሳላነሳ ዋልኩ፣ በዚህም ኮራሁ።

በሳምንቱ ሕመሙ ጀመረኝ። እንደ ፊተኛው እብጠት የለውም፤ ጠባሳው ላይ ሳማ የነካኝ ይመስል ያቃጥላል፣ ከዚያ ወደ ጭኔ እየወረደ ይወጋኛል። ቀሚስ ሲነካኝ እዘላለሁ። ጭኔን በውስጥ በኩል ስቆነጥጠው ደግሞ አይሰማኝም። ይድናል ብዬ ጠበቅኩ። ወር ሆነ። ዓመት ሆነ።

ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ኩላሊት አለ። አንዱ ታይፎይድ አለ፣ ክኒን ዋጥኩ። አንዱ ብርድ ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ፤ ቅባቱ ሲነካኝ ጮህኩ። አንድ ወጣት ሐኪም ጠባሳዬን አየና፣ «ቁስልሽ ድኗል፣ ጭንቀት ነው» አለኝ። የምጨነቅ ሰው መሆኔ እውነት ነው። ሆኖም ጭንቀት አንድ ጣት በሚያህል ቦታ ላይ ብቻ እንዴት ያቃጥላል? እንዲህ ብዬ ልጠይቀው አስቤ አፍሬ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ሁሉም ተኝቶ እኔ ብቻዬን ስነቃ ውስጤ የተረሳ መቀስ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሴቶቹ ሲመጡ እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ ከልጆች ጋር ቃጫ እለቅማለሁ። ፋጤ፣ «የሆሳዕናዋ ንግሥት ዙፋኗ ላይ ናት» ትለኛለች። ቀልድ ነው፤ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲደጋገም ቀልድ አይሆንም። እማ ሩቂያ ጉልበቷ ደከመ። ቤቱ ቆጮ ያስፈልገዋል። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሰሚራ በትምህርት ሰዓት ሳንቃው ፊት ተቀምጣ፣ ቀጭን እግሯን ሰቅላ ስትፍቅ አገኘኋት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ አምስተኛ ክፍል።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። አንቺ አትችዪም፣ አያቴም አትችልም» አለችኝ። መፋቂያውን አላስቀመጠችም።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። እናቴ ታመመችና አንድ ቀን እሷን ተክቼ ሳንቃ ፊት ተቀመጥኩ፤ ከዚያ አልተነሳሁም። ማንም ውጪ አላለኝም፤ እንዲያው ቀረሁ። ሰሚራን ሳያት ያን ቀን አየሁት። መፋቂያውን ከእጇ ተቀብዬ፣ ይህ እግር ወይ ይድናል ወይ ይቆረጣል፣ ልጄ ግን በእኔ ቦታ አትቀመጥም አልኩ። በሳምንቱ እንደገና ሆሳዕና ሄድኩ።

በሳምንት ሁለት ቀን ከሌላ ከተማ የሚመጣ ቀዶ ሐኪም አለ ተባልኩ። ተራ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ፤ አሥራ አምስት ትላለች። አግዳሚው ሞልቷል። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ዘሃራ ትባላለች። ሺንሺቾ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ የከምባታ ሴት ናት። እሷ በከምባትኛ እኔ በሀዲይኛ ስንጀምር ግማሹን እንግባባለን፣ የቀረውን በአማርኛ እንሞላዋለን። ከፌስታል ዳቦ አውጥታ ገመሰችልኝ።

«አንቺስ የት ጋ ነው?» አለችኝ።

በዓይኔ አመለከትኳት። የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እኔም እዚያው።»

«ቡአ?»

«ቡአ። በቢላ ነው የተሠራሽው?»

«አዎ፣ እዚሁ። አንቺስ?»

«በካሜራ። አዲስ አበባ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት፤ ቅናት ሳይሆን አይቀርም። «በካሜራ የተሠራ ሰው አያመውም ይላሉ።»

ዘሃራ ዳቦዋን እያየች፣ «እኔም እንደዚያ ነው የምላቸው» አለችኝ።

ያሳከማት ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ያለውን አውጥቶ ነው አዲስ አበባ የወሰዳት። መጀመሪያ እውነትም ደህና ነበረች። ሆዷ ላይ ሦስት ትናንሽ ጠባሳ ብቻ፣ በሁለት ሳምንት ሱቋን ከፈተች። ከወራት በኋላ ቀኝ ጎኗ ማቃጠል ጀመረ። «ወንድሜ ገበያ መሀል ቆሞ 'እህቴን በካሜራ አዳንኳት' ሲል አጠገቡ ጎኔን ይዤ እስቃለሁ» አለችኝ። «ዛሬ ሆሳዕና የመጣሁት ጨርቅ ልገዛ ብዬ ነው።»

ያን ስትነግረኝ ከደረቴ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። በሰው ሕመም መደሰት ነውር ነው፤ የተደሰትኩት ግን በሕመሟ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ፈረሱ ቢሸጥ ኖሮ ስል ኖሬአለሁ። ከድርን በድህነቱ፣ ራሴን በንፍገቴ ስከስስ ነበር። ፈረሱ የተሸጠላት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ እንደኔው ጎኗን ይዛለች።

ስለ ሰሚራ ነገርኳት። ስለ ሳንቃውም፣ ስለ ዱካውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ሰዓቱን ደጋግሜ መጠየቅ ጀመርኩ። ወደ ጊምቢቹ የሚሄደው የመጨረሻ መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ከድርም መናኸሪያ እየጠበቀኝ ነው። ስድስተኛው ሰው ወጣ። ሰባት ቁጥር ዘሃራ ናት። ተነሳች ብዬ ስጠብቅ ወረቀቷን እጄ ውስጥ ከተተችና የእኔን አሥራ አምስት ወሰደች።

«ግቢ።»

«እንዴት ይሆናል?»

«እኔ የማድረው አክስቴ ቤት ነው። አንቺ መኪና ያመልጥሻል። ልጅሽ ትምህርት ቤት ትሂድ። ተነሺ፣ ሰው እያየን ነው» ብላ ገፋችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አገሩ ሰሜን። ጠባሳዬን አላየም መጀመሪያ። «መቼ ይብስብሻል?» አለኝ።

«ስሠራ።»

«ምን ስትሠሪ?»

«እንሰት ስፍቅ።»

«እሱ እንዴት ነው? አሳዪኝ» አለ።

አራት ዓመት ማንም አሳዪኝ ብሎኝ አያውቅም። ክፍሉ ውስጥ የነበረውን አግዳሚ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ። የአልጋ ልብሱን እንደ ልጣጭ ዘረጋሁት። መሬት ላይ ተቀምጬ እየፈራሁ ቀኝ እግሬን ሰቀልኩ። ነርሷ እዚያው አጠገብ የሌሞ ልጅ ስለሆነች ሥራውን ታውቀዋለች። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «ከፍ አድርጊ እንጂ እናቴ! እንዲህማ ይንሸራተትብሻል» አለችኝ። ማስመሪያ አንስታ እንደ መፋቂያ ሰጠችኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

ሐኪሙ ቁጢጥ ብሎ እግሬ ከሆዴ የሚገናኝበትን ቦታ አየ። «ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መቼ ነው እንዲህ የተቀመጥሽው?»

«በሦስተኛው ሳምንት። ከባድ ነገር አታንሺ ነው ያሉኝ፣ አላነሳሁም።»

ሳቁን አቆመ። «የነገሩሽን ሁሉ ፈጽመሻል» አለኝ። «ያልጠየቅንሽ እኛ ነን።»

በተሰፋሁበት በኩል እንደ ክር የቀጠነ ነርቭ እንደሚያልፍ፣ እሱ በጠባሳው ተይዞ ሊሆን እንደሚችል አስረዳኝ። የተያዘው እግሬን በመስቀሌ ይሁን ወይም ገና ሲሰፋ ይሁን በእርግጥ ማወቅ አይቻልም አለ። ስለ ካሜራው ጠየቅሁት። በካሜራ ሲሠራ እንዲህ ያለው ሕመም የሚያንስ ይመስላል፣ ግን ፈጽሞ አይቀርም፤ እዚያም ነርቭ አለ አለኝ። ከዚያ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳርፎ ማደንዘዣ ወጋኝ። ጥቂት ቆይቶ ቀሚሴን ቦታው ላይ አሻሸው። ምንም። አራት ዓመት ከኔ ጋር የኖረ እሳት ጠፋ። አለቀስኩ። የዛሬው ለጥቂት ሰዓት ነው፣ ግን ቦታውን አግኝተነዋል፤ ተመላልሰሽ መድኃኒት ትወጊያለሽ፣ ቀኝ እግርሽንም ለወራት አትሰቅዪም አለኝ።

ስወጣ አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ዘሃራ ተነስታ ቆማ ነበር። አቀፍኳት፤ «ዳንኩ!» አልኳት። ያልኳት ይህን ብቻ ነው። ነርቭ ነው፣ በመርፌ ይገኛል፣ ሥራሽን አሳዪው አላልኳትም። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ ብያት ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሮጥ አላመመኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ነርሷን ዘሃራስ ብዬ ጠየቅኳት። «አንቺ እንደወጣሽ ድንገተኛ መጣና ዶክተሩን ጠሩት፣ ያን ቀን አልተመለሰም» አለችኝ። «ያቺ ሴት እስኪመሽ ጠብቃ ሄደች።» እኔ ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ሳቆም፣ ማስመሪያ ይዤ ስስቅ፣ ያ ሁሉ የእሷ ሰዓት ነበር።

ሦስቴ ተወጋሁ። ሕመሙ በየወሩ እየሳሳ ሄደ። እግር መስቀልን ግን እንዴት ልተው? አንድ ቀን ቀስ ብዬ በግራ ሞከርኩት። ተረከዜ ይንሸራተታል፣ ልጣጩ ፊቴ ላይ ይወድቃል። እማ ሩቂያ እስኪያማት ሳቀች። «በግራ እግር የተፋቀ ቆጮ የሚበላው ማነው?» ትላለች ፋጤ። «አንቺ» ትላታለች እማ ሩቂያ፣ «ያውም ሁለት ጊዜ።» ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ተማርኩት።

ሁሉም በቀኝ፣ እኔ በግራ ስለሆንኩ ጎን ለጎን ስንቀመጥ መፋቂያችን ይጋጫል። ስለዚህ ሳንቃዬን ማዶ አዞርኩት። ከዚያ በፊት ጎንና ጎን ሆነን ድምፃቸውን ብቻ ነበር የምሰማው። አሁን ፊት ለፊቴ ሆኑ። እማ ሩቂያ ስትፍቅ ከንፈሯን እንደምትነክስ፣ መሬማ ልትቀልድ ስትል ቀድማ ዓይኗ እንደሚስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እነዚያን ዓመታት ነው የምናፍቃቸው። ዛሬ እማ ሩቂያና መሬማ የሉም፣ እትዬ አስካለም ባሏ ሲዘዋወር ሄደች። የጓሮው ግማሽ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ሰሚራ መምህር ሆናለች፤ ይህንንም የጻፍኩትን ፊደሉን ያረመችልኝ እሷ ናት።

ቀኝ ጎኔ ክረምት ሲገባ ትንሽ ይነዝረኛል፣ ያልፋል። ለምታነቡ ሴቶች የምለው ይህን ነው። በቢላም ተሠሩ በካሜራ፣ ከወራት በኋላ ካቃጠላችሁ አትፍሩ፣ ማፈርም የለባችሁም፤ ወደ ሐኪም ተመለሱ። ስትሄዱም ሥራችሁን በአፍ ብቻ አትንገሩት፣ ተቀምጣችሁ አሳዩት።

ያኔ ሞባይል ሁሉም እጅ አልገባም ነበር፣ የዘሃራን ቁጥር አልያዝኩም። ከድር በዓመቱ ሺንሺቾ ጭነት ይዞ ሄዶ ገበያ ውስጥ ጠይቆልኝ ነበር። «የትኛዋ ዘሃራ? በካሜራ የዳነችው?» አሉት። ሱቋ ተዘግቷል፣ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አልተገኘም። ምስጢሯ ስለሆነ ሌላ አልጠየቀም። እኔም እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ወንድሟ ይህን ካነበብክ አትቀየማት። ያወጣኸው ከንቱ አልሆነም፣ ሕመሙም የእሷ ጥፋት አልነበረም፤ አንተን ላለማሳዘን ብላ ነው የሳቀችው።

ዘሃራ ቀይ ዳማ ናት፣ ስትስቅ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች። ሺንሺቾ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። የምታውቋት ካላችሁ፣ የት እንዳለችና ጎኗ እንዴት እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።